ምዕራፍ 7፦ መልስ በ140 ፊደል

ተማሪዎቻችን ገጽ መሙላትን ከማወቅ ጋር የሚያምታቱት እኛ ስላስተማርናቸው ነው። ፈተና ስናርም ወረቀቱን የሞላውን ልጅ «ለፍቷል» ብለን ማርክ እንጨምርለታለን፤ ሁለት መስመር የጻፈውን አላጠናም እንላለን። አጫጭር መልእክት የሚጻፍባቸው መድረኮች ይህን ልማድ ለመስበር ይጠቅማሉ።

ትዊተር፣ የዛሬው ኤክስ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የሚፈቅደው 140 ፊደል ብቻ ነበር፤ በ2017 ወደ 280 አሳደገው። ሳይከፍል አማርኛ የሚጽፍ ሰው ግን ዛሬም ከ140 ብዙም አያልፍም፤ አንዱ የግዕዝ ፊደል እንደ ሁለት ይቆጠራልና። ይህ አያሳስብም፦ ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ 140 ፊደል ብዙ ይናገራል።

የእኛ ተማሪ የሚገኘው ግን ቴሌግራም ላይ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ ብዙ መምህራን ኖት የላኩት በዚያ ነበር። ቴሌግራም በአንድ መልእክት 4096 ፊደል ስለሚቀበል ገደቡን የሚያወጡት እርስዎ ነዎት፦ ለክፍሉ ግሩፕ ይክፈቱና አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ መልሱ ከ140 ፊደል አይለፍ።

አዲስ አበባ ውስጥ መካኒሳ አቦ አካባቢ ለሚያስተምር የባዮሎጂ መምህር ጥያቄው ደጅ ላይ ነው። ትንሹ አቃቂ ወንዝ በመካኒሳ ያልፋል፤ በውኃው አትክልት ይለማል፤ ተመራማሪዎችም አትክልቱ ውስጥ ያለውን የከባድ ብረት መጠን ደጋግመው አጥንተዋል። ማታ በግሩፑ «ጎመኑን በደንብ ማጠብ ይበቃል?» ብለው ይጠይቁ። አንዱ «ውኃ ለሕይወት እጅግ አስፈላጊ ነው» ብሎ ቢጀምር መልሰው ይላኩለት። እያሳጠረ ሲሄድ እዚህ ሊደርስ ይችላል፦

«ፋብሪካና ቆሻሻ ወንዙን ይበክላሉ፤ ብክለቱ በመስኖ ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ጎመኑ ሥር ይገባል፤ ጎመኑን ማጠብ ቅጠሉ ላይ ያለውን እንጂ ውስጡ የገባውን ብረት አያወጣም።»

ከ140 በታች ነው፤ የብክለቱም መንገድ ከወንዙ እስከ ሳህኑ ተነግሯል። ይህን የጻፈ ልጅ ትምህርቱ ገብቶታል። ቀጥሎ ሌላው ተማሪ ለዚሁ መልስ ሪፕላይ አድርጎ አንድ ጥያቄ ይጠይቀው፤ ለምሳሌ «ታዲያ ቢቀቀልስ?» ብሎ። ክርክሩ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው፤ እርስዎ ቶሎ ገብተው አይመልሱላቸው።

ስልክ ክፍል ውስጥ የሚከለከልበት ትምህርት ቤት ብዙ ነው፤ ስለዚህ ሥራው የቤት ሥራ ይሁን። የእናቱን ስልክ ተውሶ የሚጽፍ ልጅ ስላለ ሁለት ሦስት ቀን ይስጡ። ቪዲዮ አይላኩ፤ ዳታ ይበላል። ስልክ የሌለው በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ፤ ማርኩ እኩል ይሁን። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቴሌግራምን ጨምሮ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ተገድበው እንደነበር አይዘንጉ፤ እንዲህ ሲሆንም ወረቀቱ ይሠራል።

አንድ ነገር ግን ለነገ አይባልም። ግሩፑን ከመክፈትዎ በፊት ለወላጆች ያሳውቁ፤ ሊንኩ ከክፍሉ ውጭ እንዳይወጣ ያድርጉ፤ እያንዳንዱ ተማሪም ሴቲንግ ገብቶ ስልክ ቁጥሩን ማንም እንዳያይ ማስተካከሉን ያረጋግጡ።