ፍጉ ለማሳው፣ ምንጩ ለሰው

ትምህርቱን ከመጀመራችን በፊት ባለፈው ክረምት መግቢያ በተግባር እርሻችን ላይ የደረሰውን ብንነግራችሁ ይሻላል። ከበረት የተጠረገውን እበት በቅርጫት እየተሸከምን በጎመኑ መደብ ላይ በተንነው። ሥራው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አለቀ፤ ሌሊቱን ዶፍ ዝናብ ጣለ። እሑድ ጠዋት ስንወርድ መደቡ ታጥቦ ጠጠሩ ብቻ ቀርቷል። እበቱስ የት ደረሰ? ከታች ካለው ጅረት ገብቷል። ውሃ ሊቀዱ የመጡ አንዲት እናት እንስራቸውን እንዳዘሉ ቆመው አዩንና፣ «ልጆቼ፣ ይኼን ለጎመኑ ነው የሰጣችሁት ወይስ ለኛ?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ ጥያቄ ነው። የደረስንበት መደምደሚያ ባጭሩ ይኸውላችሁ፤ ማሳን ማዳበርና ውሃን መጠበቅ ሁለት ሥራ ሳይሆን አንድ ሥራ ነው። ከማሳው ያመለጠ ፍግ ለሰብሉ ኪሳራ፣ ለውሃው ደግሞ ጉዳት ነውና።

ፍጉ ውሃ ውስጥ ሲገባ ምን ያደርጋል?

ፍግ ለሰብል ናይትሮጂን፣ ፎስፎረስና ፖታሲየም ይሰጣል፤ አፈሩም ውሃ እንዲይዝ ይረዳል። በአገራችን ደጋማ ቦታዎች ብዙው እበት ኩበት ሆኖ ስለሚነድ ለማሳ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ ቅርጫት እንኳ በጎርፍ ሲሄድ ዝም ብሎ ማየት አይገባም። ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚያደርሰው ጉዳት በሦስት ይከፈላል።

አንደኛው የጀርም ጉዳት ነው። በትኩስ እበት ውስጥ ተቅማጥ የሚያስከትሉ ጀርሞች ይኖራሉ።

ሁለተኛው የናይትሬት ጉዳት ነው። በፍጉ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን አፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ናይትሬት በውሃ ስለሚሟሟ ሰብሉ ካልወሰደው ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ ሲያልፍ በተለይ ከ6 ወር በታች ለሆኑና በጡጦ ለሚያድጉ ሕፃናት አደገኛ ነው፤ ደማቸው ኦክሲጅን መሸከም እያቃተው ከንፈራቸው ሰማያዊ ይሆናል። ታዲያ አፍልተን ብንጠጣውስ? ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ ናይትሬቱን አያስወግድም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ ናይትሬቱ ይበረታል።

ሦስተኛው የፎስፎረስ ጉዳት ነው። ፎስፎረስ ከአፈር ጋር ተጣብቆ በጎርፍ ይወርዳል፤ ከሐይቅ ወይም ከኩሬ ሲደርስ አልጌና የውሃ አረም ያደልባል። አረሙ ሞቶ ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ስለሚጨርሰው ዓሣው ይታፈናል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጣና ሐይቅን ያስቸገረው እምቦጭም ከየማሳውና ከየከተማው በጎርፍ የሚገባውን እንዲህ ያለ ንጥረ ነገር እየተመገበ የሚፋፋ አረም ነው።

ከሌላ አገር የተገኘ ትምህርት

«ይኼ በኛ አገር ብቻ ያለ ችግር ነው» የሚል ካለ በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ ዎከርተን በምትባል ትንሽ ከተማ የሆነውን ያስብ። በግንቦት 1992 ዓ.ም. (2000 እ.ኤ.አ.) ለቀናት ከባድ ዝናብ ዘነበ። ዝናቡም በአንድ የከተማው የውሃ ጉድጓድ አጠገብ በማሳ ላይ ከተበተነ ፍግ ጀርም አጥቦ ወደ ጉድጓዱ አስገባ። ጉድጓዱ ጥልቀት አልነበረው፤ ክሎሪኑም እንደሚገባው አይጨመርም፣ አይለካም ነበር። ወደ 5,000 ሕዝብ ባላት ከተማ ከ2,300 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ 7 ሰዎች ሞቱ።

ነገሩን እንዲያጣሩ የተሾሙት ዳኛ ዴኒስ ኦኮነር ገበሬውን ጥፋተኛ አላደረጉም። ፍጉን የበተነው ተገቢውን አሠራር ተከትሎ ነበር። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ፍጉን በትክክል መበተን ብቻውን አይበቃም። ውሃው የት እንዳለና ዝናቡ መቼ እንደሚመጣም ማወቅ ያስፈልጋል። የሚጠጣውም ውሃ መታከም አለበት።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1ኛ. አብላልቶ መጠቀም። እበቱን ከገለባና ከቅጠል ጋር ደራርቦ መከመር፣ እርጥበቱን መጠበቅ፣ በየጥቂት ሳምንቱ ማገላበጥ ያስፈልጋል። በሚገባ የተከመረ ክምር ውስጡ እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል፤ ይህም ብዙውን ጀርም ይገድላል። ክምሩ ዝናብ እንዳያጥበው ይሸፈን።

2ኛ. ጊዜ መምረጥ። ፍግ የሚበተነው ለመዝራት ወይም ለመትከል ሲቃረብ ነው። ሰማዩ ደመና አዝሎ ሳለ ወይም መሬቱ ውሃ ጠግቦ ሳለ አይበተንም። እኛ የተሳሳትነው አንዱ እዚህ ላይ ነው።

3ኛ. ርቀት መጠበቅ። የእንግሊዝ አገር ደንብ ፍግ ከወንዝና ከጅረት 10 ሜትር፣ ከምንጭና ከጉድጓድ 50 ሜትር እንዲርቅ ያዛል። ተዳፋት በሚበዛበት በኛ አገር ከዚህ ማነስ የለበትም።

4ኛ. መጠን ማወቅ። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጣው የናይትሬት ደንብ ለብክለት በተጋለጠ ቦታ በአንድ ሄክታር በዓመት ከ170 ኪሎ ግራም በላይ የፍግ ናይትሮጂን አይፈቀድም። የኛ ገበሬ በሰፊው ማሳ ከዚህ መጠን መድረሱ ይቅርና አይቀርበውም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ሩቁ ማሳ ተርቦ ሳለ ፍጉ ሁሉ በጓሮ፣ አንዳንዴም በጉድጓዱ አፍ ላይ ይከመራል።

5ኛ. ከአፈር መቀላቀልና ጎርፍን መግታት። የተበተነውን ፍግ በዚያው ቀን ማረስ ወይም መኮትኮት ነው። ፀሐይ ላይ ሲሰነብት አፍንጫ የሚሰረስረው ሽታ አሞኒያ ነው፤ አሞኒያ ማለት ደግሞ በነፋስ የሚያመልጥ ናይትሮጂን ማለት ነው። ከማሳው በታች፣ ከጅረቱ በላይ፣ እርከን መሥራትና እንደ ደሾ ወይም ቬቲቨር ያለ ሣር መትከል አፈሩንም ፍጉንም ይይዛል።

ለክፍል የሚሆን ሙከራ

ሁለት የላስቲክ ጠርሙሶችን በቁመታቸው ጎናቸውን ቆርጣችሁ አፈር ሙሉባቸው። በአንዱ ላይ ትኩስ እበት ዝም ብላችሁ በትኑ። በሌላው ያንኑ ያህል ከአፈሩ ጋር ቀላቅላችሁ ገለባ አልብሱት። ሁለቱንም አፋቸውን ወደ ታች አድርጋችሁ እኩል አዘንብሉና ሥራቸው ብርጭቆ አኑሩ። ከዚያ በተበሳ ጣሳ አንዳንድ ሊትር ውሃ አዝንቡባቸው። ተማሪዎቹ የብርጭቆዎቹን ቀለም ያስተያዩ፤ ከዚያ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ይህ ሙከራ ከአንድ ሰዓት ገለጻ ይልቅ ያስተምራል።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ጥርት ያለ ውሃ ሁልጊዜ ንጹሕ ነውን? ስለ ናይትሬት ያነበባችሁትን አስታውሱ።
ለ. የምትመደቡበት ትምህርት ቤት በረት፣ ጓሮና የውሃ ጉድጓድ ቢኖረው የፍጉን ክምር የት ታደርጋላችሁ? በንድፍ አሳዩ።
ሐ. በዎከርተን አደጋውን ሊያስቀሩ ይችሉ የነበሩት እርምጃዎች የትኞቹ ናቸው?

እኛ ዘንድሮ ክምሩን ከጅረቱ አርቀን ሸፍነነዋል፤ ከመደቡ በታችም ሁለት መስመር ደሾ ሣር ተክለናል። ሥራችን መያዙን የሚፈትነው ግን ክረምቱ ነው። የመጀመሪያው ዶፍ በጣለ ማግስት ጠዋት ወርደን ጅረቱን እናያለን። እናንተም ኑና አብራችሁን እዩ፤ የዚያች እናት ጥያቄ የሁላችንም ነውና።