ተወዳዳሪው አስተማሪ ሲሆን፤ የኤቢ ግሮስፌልድ የጂምናስቲክ ሕይወት

የጂምናስቲክ ተወዳዳሪ የሥራ ዘመን አጭር ነው። ሠላሳ ዓመት ሲጠጋ ትከሻውና የእጁ አንጓ መታመም ይጀምራሉ፤ ለጋ ወጣቶችም ቦታውን ይወስዳሉ። ታዲያ በዚያ ሁሉ ድካም ያገኘው ዕውቀት ከገላው ጋር አብሮ ይደክማል ወይስ ወደ ሌላ ይተላለፋል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ነው። ለምሳሌ የመረጥነውም አሜሪካዊውን ኤቢ ግሮስፌልድን ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግሮስፌልድ በ1934 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቻርሊ ፖንድ በሚባል አሠልጣኝ ሥር ተማረ፤ በ1958 ዩኒቨርሲቲው ከሚቺጋን ስቴት ጋር እኩል ወጥቶ የአሜሪካን ኮሌጆች ሻምፒዮንነት ሲጋራ እርሱም ከቡድኑ አንዱ ነበር። በኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ ተሰለፈ፤ በ1956 በሜልቦርን፣ በ1960 በሮም። ሁለቱም ከተሞች ለእኛ እንግዳ አይደሉም። ሜልቦርን ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተካፈለችበት ነው፤ ሮም ደግሞ አበበ ቢቂላ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈበት። (ስለ አበበ የማይተርክ የለም፤ ስለ አሠልጣኙ ስለ ኦኒ ኒስካነን ግን ከመካከላችን ስንቱ ይናገራል?) በሮም የአሜሪካ ወንዶች የጂምናስቲክ ቡድን አምስተኛ ወጣ። ግሮስፌልድ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ሳያገኝ ቀረ ማለት ነው። የሕይወቱ ታሪክ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ስሙን ባላነሣነውም ነበር።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ። ወንዶች በስድስት ዓይነት ይወዳደራሉ፤ በወለል፣ እጀታ ባለው ፈረስ፣ በቀለበት፣ በዝላይ፣ በትይዩ ዘንጎችና በአግዳሚ ዘንግ። የግሮስፌልድ ዋና ችሎታ በአግዳሚው ዘንግ ላይ ነበር። ይህ ዘንግ ውፍረቱ 28 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ብረት ሲሆን ከወለሉ 2 ሜትር ከ80 ከፍ ብሎ ይተከላል። ተወዳዳሪው በሁለት እጁ ይዞት፣ ገላውን እንደ ቀስት ወጥሮ፣ ሙሉ ክብ ይዞራል። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ወደ ታች ሲወርድ ገላውን መዘርጋት፣ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ከትከሻና ከወገብ ጥቂት መሰብሰብ አለበት። ምክንያቱ በፊዚክስ ክፍል የተማርነው ነው፤ ከመዞሪያው የራቀ ክብደት ሲወርድ ብዙ ኃይል ያከማቻል፤ ወደ መዞሪያው ሲቀርብ ግን በቀላሉ ይወጣል። መሰብሰቡ በጥቂቱ ከቀደመ ወይም ከዘገየ ዙሩ መንገድ ላይ ይቀራል።

ታላቁ ችግር የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ይህን ጥሩ አድርጎ የሚሠራ ሰው፣ እንዴት እንደሚሠራው ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ መልስ የለውም። እጁና ወገቡ ያውቃሉ እንጂ አንደበቱ አያውቅም። አሠልጣኝ ለመሆን ግን የገዛ ገላውን እንደ ሰዓት ፈትቶ፣ እያንዳንዱን ጥርስ ለይቶ፣ ለሌላው በተራ ማሳየት ያስፈልገዋል። ከዘንጉ ሥር ቆሞ ተማሪው ሲስት በእጁ መደገፍም አለበት፤ ከዚያም የሚበልጠው፣ መደገፉን መቼ እንደሚተው ማወቅ ነው። ቶሎ ከተወው ተማሪው ይወድቃል፤ ካልተወው ደግሞ ልጁ በሰው እጅ እንደ ተማመነ ይቀራል። በእኛ አስተያየት ሻምፒዮን ሁሉ አሠልጣኝ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ግሮስፌልድ በ1963 በኮኔቲከት፣ ኒው ሄቭን ከተማ በሚገኘው ሳዘርን ኮኔቲከት ኮሌጅ ማሠልጠን ጀመረ። ይህ ትምህርት ቤት በ1893 የተመሠረተው መምህራንን ለማሠልጠን ነው፤ ትልቅ ስምም ብዙ ገንዘብም አልነበረውም። እርሱ ግን ከአርባ ዓመት በላይ እዚያው ሠራ። ከተማሪዎቹ አንዱ ፒተር ኮርማን በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ በወለል የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። የአሜሪካ ወንዶች ከ1932 ጀምሮ በኦሊምፒክ ጂምናስቲክ ሜዳሊያ አላገኙም ነበርና፣ የአርባ አራት ዓመቱን ድርቅ የሰበረው ከዚያ ትንሽ ኮሌጅ የወጣ ልጅ ነው። ኮርማን ራሱም በኋላ አሠልጣኝ ሆኖ በ1996 በአትላንታ የአሜሪካን ቡድን መራ።

የግሮስፌልድ ትልቁ ቀን የመጣው በ1984 በሎስ አንጀለስ ነው፤ ዋናው አሠልጣኝ እርሱ ነበር። እውነቱን ለመናገር የሶቪየት ኅብረት ቡድን በዚያ ዓመት አልመጣም፤ ይህ መረሳት የለበትም። ነገር ግን በ1983 የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ቻይና መጥታለች። አሜሪካውያኑ ስድስቱም የኮሌጅ ልጆች ነበሩ፤ ሦስቱ (ዳጌት፣ ጌይሎርድና ቪድማር) የሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለቱ (ሃርተንግና ጆንሰን) የነብራስካ፣ አንዱ (ኮነር) የኦክላሆማ። ውድድሩም የተደረገው በሦስቱ ልጆች ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ ነው። የመጨረሻው ሥራ አግዳሚ ዘንግ ሆነ። በዚያ ዘመን ከፍተኛው ነጥብ 10 ነበር፤ ቲም ዳጌት ሙሉ 10 አገኘ። ድምሩ ሲታወቅ አሜሪካ 591.40፣ ቻይና 590.80 ሆነ። ከስድስት መሣሪያና ከስድስት ሰው ሥራ በኋላ ልዩነቱ የነጥብ ስድስት አሥረኛ ብቻ ነው! በሮም አምስተኛ የወጣው ሰው ከሃያ አራት ዓመት በኋላ የወርቅ ቡድን አሠልጣኝ ሆነ።

ዳሩ ግን ይህን ሰንሰለት የሚያሰጋ ነገር አለ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የወንዶች ጂምናስቲክ ቡድን የነበራቸው ኮሌጆች ከ200 ይበልጡ ነበር፤ ዛሬ ሃያ እንኳ አይሞሉም። መሣሪያው ውድ ነው፣ አዳራሽ ይፈልጋል፣ እንደ እግር ኳስም ተመልካች አያመጣም፤ ስለዚህ የኮሌጆቹ በጀት ሲጠብ ቶሎ የሚሰረዘው እርሱ ነው። አንድ ቡድን ሲዘጋ የሚጎዱት የዚያ ዓመት ተወዳዳሪዎች ብቻ አይደሉም፤ ከመካከላቸው ከሃያ ዓመት በኋላ ከዘንጉ ሥር ሊቆም ይችል የነበረውም ሰው አብሮ ይቀራል። የአሜሪካ ወንዶች በ2024 በፓሪስ በቡድን የነሐስ ሜዳሊያ ሲያገኙ አምስቱም ተወዳዳሪዎች የመጡት ከእነዚሁ ከቀሩት ጥቂት ኮሌጆች፣ ከስታንፎርድ፣ ከሚቺጋንና ከፔን ስቴት ነው።