አገሮች ስለ ምን ይዋጋሉ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው የካቲት 23 ቀን የዓድዋን በዓል ምክንያት በማድረግ በሕፃናት ክፍል ትምህርት ሰጥተን ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እጁን አወጣና፣ «ጣሊያኖችም የተጠመቁ ክርስቲያኖች ነበሩ አላችሁ፤ ታዲያ ስለ ምን መጡብን?» ሲል ጠየቀን። እኛም ብዙ ሳናስብ፣ «ክፉዎች ስለ ነበሩ ነዋ!» ብለን መለስንለት። ልጁ ግን አልተቀመጠም። «እኛስ ታዲያ ክፉዎች ነን? የእኛ አገር ጦርነት ስለ ምን አያልቅም?» አለን።

እውነቱን ለመናገር የሰዓቱ ማለቅ አዳነን እንጂ መልስ አልነበረንም። ይህ ልጅ ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ ቤታቸውን ጥለው የወጡ ወገኖች ወደ ደብረ ብርሃን ሲገቡ በሕፃንነቱ ያየ ልጅ ነው። ስለዚህ የምንሰጠው መልስ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ጦርነት የሚመጣው ሌላው ሰው ክፉ ስለ ሆነ ነው ብለን ብቻ ካስተማርነው፣ ነገ ደግሞ «ጎረቤትህ ክፉ ነው፤ ተነሥ» የሚለውን ሰው ያለ ጥያቄ ይከተላል። በዚህም ምክንያት ያን ዕለት ልንመልስለት ይገባን የነበረውን ነገር ተወያይተን እንደሚከተለው አዘጋጅተናል።

የናቡቴ ርስት

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 21 የተጻፈውን ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። ንጉሡ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ተመኘ። ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም ባለ ጊዜ ንጉሡ ተቆጥቶ እህል አልበላም ብሎ ተኛ። ሚስቱ ኤልዛቤል ግን ለከተማው ሽማግሎች ደብዳቤ ጻፈች፤ የሐሰት ምስክሮችም ቆሙበት፤ ናቡቴም በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። በዚህ ታሪክ ውስጥ አራት ነገሮችን እናገኛለን። ምኞት አለ፤ ሰበብ አለ፤ በሰበቡ ተነሣሥቶ ድንጋይ የሚያነሣ ሕዝብ አለ፤ እያወቁ ዝም ያሉ ሽማግሎችም አሉ። አገር በአገር ላይ ሲነሣም የምናገኘው እነዚህኑ አራቱን ነው። ወደ አገራችን ታሪክ መልሰን እንመልከታቸው።

1ኛ/ ምኞት

ከአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የሚባል ቦታ አለ። ንጉሥ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ይህን ቦታ ለኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች ሰጧቸው። የቡድኑ መሪ አንቲኖሪ የአእዋፍ ተመራማሪ ነበር፤ በ1874 ዓ.ም. እዚያው ሞተ። እንግዲህ ኢጣሊያኖች ወደ አካባቢያችን መጀመሪያ የመጡት በእንግድነት ነው ማለት ነው። ከእነዚያ እንግዶች መካከል ለዕውቀት ሲሉ ብቻ የመጡ እንደ ነበሩ አንጠራጠርም።

ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የአውሮፓ መንግሥታት አፍሪካን ለመቀራመት ይሽቀዳደሙ ነበር። በ1877 ዓ.ም. በበርሊን ጉባኤ ተቀምጠው ስለ አፍሪካ ሲመክሩ ከአፍሪካውያን አንድም ሰው አልተጠራም። ኢጣሊያ አንድ መንግሥት ሆና የተቋቋመችው ዘግይታ ስለ ነበረ ከታላላቆቹ ጋር ለመስተካከል ቅኝ ግዛት ያስፈልገኛል አለች። በአገሯም መሬት ያጡ ገበሬዎች በብዛት ወደ አሜሪካ ይሰደዱ ነበርና፣ መሪዎቿ የእኛን ደጋ የገበሬዎቻቸው ማስፈሪያ ለማድረግ ተመኙ። በዚያው በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ያዙ። አክዓብ በመስኮቱ የናቡቴን አትክልት እንደ ተመለከተ መሆኑ ነው። መሬት፣ ንግድ፣ የባሕር በር፣ ክብር፣ የአገር ውስጥ ችግርን በውጭ ጦርነት መሸፈን፤ እነዚህ የጦርነት ምክንያቶች ናቸው።

2ኛ/ ሰበብ

ምክንያትና ሰበብ ልዩ ልዩ ናቸው። አባቶቻችን «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚሉት ይህንን ሲያስረዱ ነው። ጅብ የሚበላው ስለ ራበው ነው፤ ግን ረሃቡን አይናገርም፤ ጥፋት ይፈልጋል።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመውን ውል እናስታውስ። በ17ኛው አንቀጽ ላይ የአማርኛው ቃል ንጉሠ ነገሥቱ ቢፈልጉ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት ሊጠቀሙ እንደሚችሉ ሲገልጽ፣ የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በዚህም ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ተባለ። ዐፄ ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱት፤ ነገሩም በዓድዋ በጦርነት አለቀ። ብዙዎቻችን የዓድዋ ጦርነት የመጣው በአንድ ቃል ትርጉም ነው እንላለን። ቃሉ ግን ሰበብ ነበረ። ምኞቱ ባይኖር የተሳሳተውን ቃል ለማረም አንድ ጸሐፊ ይበቃው ነበር።

ከ40 ዓመት በኋላም እንዲሁ ሆነ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን በወልወል የውሃ ጉድጓዶች አጠገብ ግጭት ተነሣ፤ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። ቦታው ከድንበሩ በብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ኢትዮጵያ የገባ ሲሆን፣ ኢጣሊያ ግን ይቅርታና ካሣ ይገባኛል፣ ለባንዲራዬም ሰላምታ ይሰጥ አለች። ጦሩን መጀመሪያ ያዘመተው ጄኔራል ዴ ቦኖ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ግን የወረራው ዝግጅት ከወልወል በፊት የተጀመረ መሆኑን ራሱ ገልጾታል። ጅቡ ማመካኛውን ከማግኘቱ በፊት ጥርሱን ስሎ ነበር።

3ኛ/ ድንጋይ የሚያነሣ ሕዝብ

እዚህ ላይ የታናሽ ወንድማችን ጥያቄ ይመጣል። ክርስቲያን ሆነው እንዴት መጡ? ምኞት የጥቂት መሪዎች ነው፤ ጦርነት ግን ያለ ሕዝብ አይሆንም። ስለዚህ ሕዝቡን ማሳመን ያስፈልጋል። የኢጣሊያ ወጣት የዓድዋን ቂም እንዲወጣ ተነገረው። ባሪያ ነጻ ልታወጣና ሥልጣኔ ልታስተምር ነው የምትሄደው ተባለ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን እያወለቁ ለጦርነቱ ሰጡ፤ ከአገሪቱ የሃይማኖት አባቶችም የደገፉ ነበሩ። እነዚህ ሴቶች ልጆቻቸውን የሚወዱ፣ ጸሎት የሚያደርሱ እናቶች ነበሩ። ጥምቀት ጸጋን ይሰጠናል እንጂ ፈቃዳችንን አይወስድብንም፤ በየቀኑ ካልተጋደልነው ምኞትና ቂም በክርስቲያንም ልብ ውስጥ ያድራል። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 4 ጦርና ጠብ በውስጣችን ከሚዋጋው ምኞት እንደሚወጡ የሚያስተምረን ለማያምኑ ብቻ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ አንሸሽግ። በአገራችን ባርነት መኖሩ እውነት ነበረ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበር፤ ሥራው ግን ገና አላለቀም ነበር። ይህ የእኛ ጥፋት ወረራውን ትክክል አያደርገውም። ቢሆንም የራስን ቤት አለማጽዳት ለጠላት ሰበብ እንደሚሰጥ ከዚህ እንማራለን።

4ኛ/ ዝም ያሉ ሽማግሎች

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። የመንግሥታት ማኅበር ኢጣሊያ ወራሪ መሆኗን ተናግሮ ጥቂት የንግድ ዕቀባ አደረገ። ነገር ግን ለጦር መኪናና ለአውሮፕላን የሚሆነው ነዳጅ አልተከለከለም፤ ወታደርና መሣሪያ የሚያልፍበት የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሙሶሊኒ ከሂትለር ጋር እንዳይወግን ሊያባብሉት ፈለጉ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ቆመው አቤቱታቸውን ቢያሰሙም፣ ወዲያው ያ ትንሹ ዕቀባ እንኳ ተነሣ። ሙሶሊኒም ከሂትለር ጋር ከመወገን አልቀረም። ሽማግሎቹ ዝም ያሉበት እሳት ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የራሳቸውን ቤት በላ።

በእኛ አገር የሆነው

ይህ ሁሉ ከሩቅ የሚነገር ታሪክ አይደለም። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግፍ ተረሽነዋል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በመንዝ፣ ዘረት ላይ፣ ከአርበኞች ጋር በዋሻ የተጠለሉ ሴቶችና ሕፃናት በመርዝ ጋዝ ተመትተዋል፤ እጃቸውን ከሰጡትም ብዙ ወንዶች ተረሽነዋል። ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ የምናልፍበት የጣርማበር ዋሻ መንገድም የተቆፈረው በዚያው ወረራ ጊዜ ነው።

እኛስ?

የልጁ ሁለተኛ ጥያቄ ይህ ነበር። መልሱ፣ ምኞትና ሰበብ የውጭ አገር ሰው ብቻ ሀብት አይደሉም የሚል ነው። የሸዋ ነገሥታት ከአንኮበር እየተነሡ ጎረቤቶቻቸውን በጦር አስገብረዋል። በ1848 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ቴዎድሮስ በሸዋ ላይ ዘመቱና ሕፃኑ ምኒልክ ተማርከው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በዓድዋ ድል የኢጣሊያ ምርኮኞች በሕይወት ተይዘው ከእርቁ በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ በጠላት ወገን የተሰለፉት የእኛው ወንድሞች ግን እጅና እግራቸው ተቆርጧል። በ1990 ዓ.ም. በባድመ በተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነትም በሃይማኖት፣ በቋንቋና በጋብቻ የተሳሰሩ ሰዎች በአሥር ሺህ በሚቆጠር ቁጥር አልቀዋል። በ1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ሲታረቁ ድንበሩን የሚወስን ኮሚሽን እንዲቋቋም ተስማሙ። ይህ ኮሚሽን በጠረጴዛ ዙሪያ የሠራው ሥራ ያ ሁሉ ወጣት ከመሞቱ በፊት ሊጀመር ይችል ነበር።

እንዲህ ስንል ወራሪውንና ተወራሪውን አንድ ማድረጋችን አይደለም። ናቡቴ ርስቴን አልሰጥም በማለቱ አልበደለም። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት የተገደሉት ለወራሪ አልገዛም ስላሉ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም በሰማዕትነት ታስባቸዋለች። ነገር ግን ቤቱን የሚከላከል ሰውም ልቡን መጠበቅ አለበት። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ በክፉ ፈንታ ክፉ እንዳይመልስ ማሳሰባቸው ስለዚህ ነው።

መደምደሚያ

እንግዲህ ለታናሽ ወንድማችን እንዲህ እንለዋለን። አገሮች የሚዋጉት አንዱ ሕዝብ በተፈጥሮው ክፉ፣ ሌላው ደግ ስለ ሆነ አይደለም። ኃይል ያላቸው ሰዎች የሌላውን ሲመኙ፣ ለምኞታቸው ሰበብ ሲያገኙ፣ ሕዝቡ ሰበቡን ሲያምንና ሊከለክሉ የሚችሉ ዝም ሲሉ ነው። ከአራቱ ሁለቱ በእኛ በትንንሾቹም እጅ ናቸው፤ አለማመንና ዝም አለማለት። ስለ አንድ ሕዝብ ወይም ስለ አንድ መንደር ክፉ ወሬ በሰው አፍም ሆነ በስልክ ሲደርሰን፣ ለሌላው ከማስተላለፋችን በፊት «ይህን የሚነግረን ሰው ምን ይፈልጋል?» ብለን እንጠይቅ። ያን ጊዜ ድንጋዩ ከእጃችን ይቀራል።

በመጪው ሰንበት ይህን ጽሑፍ ለልጁ እናነብለታለን። ጥያቄውን ሳንሰማ በችኮላ የመለስንበትንም ይቅርታ እንጠይቀዋለን። ለአገራችንና ለዓለም ሁሉ ሰላሙን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።