ማሳሰቢያ፦ ጁባ ውስጥ የድሮ መኪና ሰልባቲዮ ለምትከፍቱ ሁሉ

አሮጌ ላንድሮቨር ወይም ኤፍጄ 40 ላንድክሩዘር ገዝታችሁ ለማደስ ያሰባችሁ፣ ወይም እንዲህ ያለ መኪና የመጣላችሁ መካኒኮች፣ የነዳጅ መስመሩን ከመንካታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ከካርቡራቶር አትጀምሩ። ሞተር አልነሳ ሲል ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚፈታው እሱን ነው፤ እጅ ይደርስበታል፣ ለማየትም ያምራል። ለዓመታት የቆመ መኪና ግን ሰልባቲዮው ውስጥ ዝገትና የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይጠራቀማል። እሱ ሳይወጣ የታደሰ ካርቡራቶር ብዙም ሳይቆይ ይደፈናል፤ የባለቤቱ ገንዘብም አብሮ ይቀልጣል። ሰልባቲዮው ይቅደም፣ ቀጥሎ ቱቦው፣ ከዚያ ፓምፑ፣ ካርቡራቶሩ መጨረሻ ላይ።

ባዶ ሰልባቲዮ አትበይዱ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ከሙሉው ይልቅ ባዶው ያስፈራል፤ የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተቀላቀለው ትነት ነውና። ለዚያም ከአየሩ መቶ እጅ አንድ ተኩል እንኳ የማይሞላ ትነት ይበቃል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ባለ ብርድ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ያወጣል፤ የጁባ የየካቲትና የመጋቢት ፀሐይ ደግሞ ሙቀቱን ወደ 40 ታስጠጋዋለች። «ተከፍቶ ከርሟል፣ ደርቋል» የሚለውን ክርክር አትስሙ። በዝገቱና በላሜራው እጥፋት ውስጥ የቀረው ቤንዚን የብየዳው እሳት ሲደርስበት ይተናል። ሰልባቲዮውን በሳሙናና በፈላ ውሃ ደጋግሞ አጥቦ፣ ሲበይድም እስከ ቀዳዳው አፋፍ ድረስ ውሃ ሞልቶ የሚሠራ ልምድ ያለው ሰው ካላገኛችሁ ብየዳውን ተዉት። ለትንሽ ቀዳዳ ለነዳጅ ሰልባቲዮ ተብሎ የተሠራ ማጣበቂያ አለ። እንደ ወንፊት የተበሳሳውን አውጥታችሁ ጣሉና በአዲስ ላሜራ አሠሩ።

የነዳጁን ሥራ ከእሳት አርቁ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበንም፤ መሬት ለመሬት ተስቦ የጋራዡ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፣ በበር ሥር አልፎም ጎረቤት ይደርሳል። ጀነሬተርም ሆነ የቡና ከሰል ከብዙ ጋራዥ በር አይርቅም። ሻይና ቡና የምትሸጠዋን እህት «ዞር በይልን» ከማለት ሰልባቲዮውን ይዛችሁ ወደ ገላጣ ቦታ ሂዱ፤ ምናልባት እዚያ ቦታ ቀድማችሁ የመጣችው እሷ ናት። የባትሪውን ገመድ መንቀልም አትርሱ።

በአፋችሁ ስባችሁ አትቅዱ። ጥቂት ቤንዚን ወደ ሳንባ ከገባ ሆስፒታል ያስተኛል። በዚያ ላይ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች በእርሳስ የተቀላቀለውን ቤንዚን ያቆሙት እስከ እ.ኤ.አ. 2006 መባቻ ድረስ ስለሆነ ከዚያ በፊት የቆመ መኪና ዝቃጭ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። የእጅ ፓምፕ ግዙ፤ ጓንት አድርጉ። የካርቡራቶሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎችም በአፍ አትንፉ።

ዝገቱን በኮምጣጤ ወይም በሲትሪክ አሲድ አውጡ። ቁራጭ ሰንሰለት ከትታችሁ መነቅነቅ ሥራውን ያፋጥናል። የባትሪ አሲድ ግን ላሜራውን ራሱን ይበላል። በመጨረሻ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ አለቅልቁና ወዲያው አድርቁ፣ ዘይትም ቀቡ፤ እርጥብ ካደረ በማግስቱ ደግሞ ቀይ ነው።

እጣቢውን ወደ ኾር፣ ወደ ጎርፍ መውረጃው፣ አትድፉ። ዝናብ ሲመጣ ኾሩ የሚወርደው ወደ ባሕር ኤል ጀበል፣ ማለትም ወደ ነጭ ዓባይ ነው። ብዙ የጁባ ሰው የሚጠጣው ደግሞ ከዚያው ወንዝ በቦቴ እየተቀዳ ነው፤ በቦቴዎቹ መሪ ላይ ስንት ሐበሻ እንዳለ እናንተው ታውቃላችሁ። ጉድጓድ ውሃ አጠገብም አይሁን። ዝቃጩን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ከተቃጠለው ዘይት ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ምን እንደሆነም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በዓረብኛም ጻፉበት።

የጎማ ቱቦዎቹን አንዱንም ሳታስቀሩ ቀይሩ። ያልተሰነጠቀ የሚመስለውም ሲጠመዘዝ ይሰነጠቃል። የውሃ ወይም የአየር ቱቦ አትተኩ፤ ቤንዚን ያቀልጠዋል። የመዳብ ቧንቧ በንዝረት ይደርቅና ይሰበራል፣ ብረት ይሻላል። የቆዩት ኤፍጄ 40ዎችና አጫጭሮቹ ላንድሮቨሮች ሰልባቲዮ ከፊት ወንበር ሥር ነው፤ የላላ ፋሼታ ማለት ቤንዚን ላይ ተቀምጦ መንዳት ማለት ነው።

የዘመናዊ መኪና ፓምፕ ካርቡራቶር ላይ አትግጠሙ፤ ግፊቱ ብዙ እጥፍ ስለሆነ ያጥለቀልቀዋል። ኤሌክትሪክ ፓምፕ ካስገባችሁ ሞተሩ ሲጠፋ እሱም የሚጠፋበት መስመር ይኑረው።

የምትሞሉትን ነዳጅ ፈትኑ። ይህ አገር ድፍድፉን በቧንቧ ወደ ፖርት ሱዳን እየላከ፣ ጁባ የምትነዳበትን ቤንዚን በአመዛኙ ከሞምባሳ በኡጋንዳ አድርጎ በ192 ኪሎ ሜትሩ የኒሙሌ መንገድ በቦቴ ያስገባል። እጥረት ሲመጣ ቤንዚኑ ጄሪካንና የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ገብቶ መንገድ ዳር ይቆማል፤ ምን እንደተጨመረበት ሻጩም ላያውቅ ይችላል። በብርጭቆ ቀድታችሁ አስቀምጡት፣ ውሃ ካለው ከሥር ይለያል። ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉት፤ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ሲጠፋ ላምባ ወይም ናፍጣ የነካው ቅባት ይተዋል።

ጄሪካን መኪና ላይ እንዳለ አትሙሉ፣ መሬት አውርዱት። በመኖሪያ ግቢም ቤንዚን አታከማቹ። የተገለበጠ ቦቴ ስታዩ ደግሞ ለመቅዳት ቀርቶ ለማየትም አትጠጉ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ሴፕቴምበር ማሪዲ ላይ ሰዎች ከመንገድ ከወጣ ቦቴ ሲቀዱ ፍንዳታው ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉትን ጨርሷል።

ሞተሩን መጀመሪያ ስታስነሱ ውጭ ይሁን፤ አንድ ሰው የዱቄት እሳት ማጥፊያ ይዞ ይቁም፣ ውሃ የሚነድ ቤንዚንን ያንሳፍፈዋል እንጂ አያጠፋውም። ሞተሩ በደንብ ከጋለ በኋላ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በደረቅ ጨርቅ ዳስሱ። ጥቂት ከነዳችሁ በኋላ ማጣሪያውን ፍቱት። ውስጡ ቡናማ ከሆነ ሰልባቲዮው ገና አልጸዳም፤ አውርዱና እንደገና እጠቡ።