ለሁለት ወገብ የተሰፋ ቀበቶ

ባለፈው ዓመት ያሳየነውን የዳዊትንና የጎልያድን ትያትር የረሳ ከመካከላችሁ ያለ አይመስለንም። የምታስታውሱት ግን ወንጭፉን ሳይሆን ቀበቶውን ነው። ዳዊት የሳኦልን ሰይፍ ሲታጠቅ ቀበቶው ተበጠሰ፤ ሰይፉ መድረኩ ላይ ወደቀ፤ አዳራሹም በሳቅ ተሞላ። ዳዊትን ሆኖ የሠራው ታናሽ ወንድማችን የቀረው ቃል ጠፍቶት ቆሞ ቀረ። ከዚያ ቀን ወዲህም ለልምምድ አልመጣም። ጥፋቱ ግን የእርሱ አልነበረም። ካርቶን በአቡጀዲ ጠቅልለን፣ በዱቄት ሙጫ አጣብቀን፣ ቀዳዳውን በምስማር በስተን የሰጠነው እኛ ነን። ከሩቅ ሲታይ ያማረ ስለ ነበር በዚያው ረክተን ነበር።

ዘንድሮ ትያትሩ ሊደገም ስለ ሆነ፣ ከመስፋታችን በፊት 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 17ን እንደገና አነበብን። በቁጥር 39 ዳዊት ሰይፉን ታጥቆ ለመሄድ ይሞክራል፤ አልለመደውምና ያወልቀዋል። ሳኦል ደግሞ ከሕዝቡ ሁሉ በቁመት የሚበልጥ ሰው ነበር። እንግዲህ አንዱ ቀበቶ በአንድ ትዕይንት ውስጥ ለትልቅም ለትንሽም ወገብ መሆን፣ ሰይፍ መሸከምና ቶሎ መፈታት አለበት። አንዲት እኅታችን መቀነት ይበቃል ብላ ነበር። መቀነት ጠንካራ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ብርታቱ ከመጠምጠሙ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ሕዝብ እያየ እስኪጠመጠም ትያትሩ ይቆማል። ስለዚህ ቀዳዳ ያለውንም ዘለበት ትተን ሁለት የብረት ቀለበቶች መረጥን። ከአሮጌ ሻንጣ የፈታናቸው ናቸው።

ጨርቁ የድንኳን ሸራ ነው። የጥጥ ሸራ ሲታጠብ ስለሚያጥር አስቀድመን አጥበን ተኮስነው። ቀጥሎ ድሩን ከማጉ ለየን። ድሩ የሚሄደው በጨርቁ ዳር ቁመት ነው፤ በዚያ በኩል ሲጎተት ብዙም አይለጠጥም። በሰያፍ የተቆረጠ ቀበቶ ግን ሰይፍ ሲንጠለጠልበት እንደ ላስቲክ ይረዝማል። ለሳኦል ወገብ ከነልብሱ 100 ሳንቲ ሜትር፣ ለሚንጠለጠለው ጫፍ 25፣ ለቀለበቱ መታጠፊያ 10፣ በድምሩ 135 ሆነ። ስፋቱን 12 አድርገን ቆረጥነው። ሁለቱን ዳሮች አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፈን ለሁለት ስናጥፈው 5 ወጣው። በመካከሉ ሌላ የሸራ ቁራጭ ገበር አድርገን ከተትንበት፤ ሆኖም ቀለበቱ ከሚታጠፍበት በፊት አቆምነው፤ አለዚያ መኪናው ያን ሁሉ ድርብርብ አይበሳውም።

በመኪናው ነገር ሁለት መርፌ ሰብረናል። በኋላ ቁጥር 16 ስናስገባና ወፍራሙ ቦታ ላይ መንኰራኩሩን በእጃችን ስናዞር ሥራው ቀናን። የስፌቱን እርምጃ 3 ሚሊ ሜትር አደረግነው። እጅግ ከደቀቀ መርፌው ሸራውን እንደ ቴምብር ዳር ይበሳሳዋል። በቀበቶው ርዝመት ሁሉ አምስት መስመር ሰፋንበት፤ ልስላሴው ሄዶ ቀጥ ብሎ የሚቆመው በእነዚህ መስመሮች ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ቀለበቶቹ የሚያዙበት ስፍራ ነው፤ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነውና። ጫፉን በሁለቱም ቀለበቶች አሳልፈን ካጠፍነው በኋላ አራት ማዕዘን ሰፋንበት፤ በውስጡም ከማዕዘን ወደ ማዕዘን መስቀለኛ አደረግን። አንዱ ክር ቢበጠስ ሌሎቹ ይይዛሉ። የሰይፉን ማንጠልጠያ ግን ከቀበቶው ጋር አልሰፋነውም። በሳኦል ግራ ጎን የተሰፋ ማንጠልጠያ በዳዊት ላይ ወደ ጀርባ ስለሚዞር፣ ለብቻው ሰፍተን በቀበቶው ላይ እንዲንሸራተት አድርገነዋል።

ሲታጠቁት ጫፉ በሁለቱም ቀለበቶች ውስጥ ያልፍና ታጥፎ በመካከላቸው ይመለሳል። ሲስቡት ይጠብቃል፤ የላይኛውን ቀለበት ቀና ሲያደርጉት ይላላል።

ባለፈው ቅዳሜ ቀበቶውን ይዘን ወደዚያ ታናሽ ወንድማችን ቤት ሄድን። መጀመሪያ ከጓዳ አልወጣም ብሎ ነበር። እናቱ ጠርታው ሲመጣ፣ ሰይፉን አንጠልጥለን አስታጠቅነውና ይቅርታ ጠየቅነው። እርሱ ግን መልስ ሳይሰጠን ቀበቶውን በሁለት እጁ ይዞ ባለ በሌለ ኃይሉ ጎተተው። ከዚያም ደጁ ላይ ካለው ደረጃ ሦስት ጊዜ ዘለለ።

«ልምምዱ በስንት ሰዓት ነው?» አለን።