ስለ አጎትሽ ፈረሶች

ልጄ፣ ስለ አጎትሽ ሁለት ፈረሶች፣ ጋሪ ስለሚጎትተው ዳማና ለበዓል ስለሚጋለበው አምባላይ፣ የነገርሽኝ ከልቤ አልወጣ ብሎ ይህን ጻፍኩልሽ። እየወደዳቸው እየጎዳቸው ነው ብለሻል። የሚበሉትን፣ አካላቸውን፣ አረማመዳቸውን አንድ በአንድ ስትዘረዝሪልኝ ነገሩ በትክክል እንደገባሽ አየሁ። በእናትሽ ታላቅ ወንድም ፊት ይህን ማንሣት ደግሞ ቀላል አይደለም። እኔ ጎሮ ዙሪያ ፈረስ ስጠብቅ አድጌ፣ ኋላም የእንስሳት ሐኪም ረዳት ሆኜ የሠራሁ ሰው ነኝና የማውቀውን በቁጥር አስቀምጬልሻለሁ። ሁሉን በአንድ ጊዜ ማድረግ ካልቻልሽ የመጀመሪያዎቹን አራቱን ያዢ።

1. አጎትሽ ላይ አትፍረጂበት። ፈረስ አያያዝን የተማረው አገሩ ሁሉ ሣር በነበረበት ዘመን ነው። ከአያት እስከ ሰሚት፣ ከጎሮ እስከ ቦሌ ቡልቡላና አራብሳ ያለው እርሻና መስክ ነበር። ፈረሱ ከማለዳ ጀምሮ ሲግጥ ይውላል፤ ማታ እፍኝ ገብስ ቢጨመርለት ያ ምርቃት ነው። ምን ያህል ይብላ፣ በስንት ሰዓት ይብላ ብሎ የሚጨነቅ አልነበረም፤ መስኩ ሁሉን ይሸፍነው ነበር። ከዚያ ኮንዶሚኒየሙ መጣ፣ የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ መጣ፣ አስፋልቱ መጣ። መሬቱ ሲሄድ ፈረሶቹ ቀሩ። ዛሬ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ታስረው ጠዋትና ማታ ይሰፈርላቸዋል። የአጎትሽ ዕውቀት ያኔም ዛሬም ያው ነው፤ የጠፋው ጉድለቱን ይሞላለት የነበረው ሣር ነው። ይህን ሳትረጂ ብትሄጂ የምትናገሪው ሁሉ ወቀሳ ይሆንበታል።

2. ፈረስ በሬ አይደለም። ችግሩ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል፤ አጎትሽ ፈረሶቹን የሚቀልበው ለፋሲካ ሰንጋ እንደሚያደልብ ነው። በሬ አራት ክፍል ያለው ጨጓራ አለው፤ ፈጥኖ ይሞላዋል፣ ከዚያ ተኝቶ ያመሰኳል። ፈረስ አያመሰኳም። ጨጓራው ለአካሉ ትንሽ ነው፣ አሲዱም በላም አልበላም ሳያቋርጥ ይመነጫል። ሣሩ የሚብላላው ኋላ፣ ትልቁ አንጀት ውስጥ ባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ነው። ለዚህ ነው መስክ ላይ የተለቀቀ ፈረስ ሌሊቱንም ጨምሮ በቀን እስከ 16 ሰዓት ድረስ የሚግጠው። ጠዋት በልቶ እስከ ማታ አፉን ባዶ አድርጎ የሚቆም ፈረስ ጨጓራው በራሱ አሲድ ይቆስላል። የአጥሩን እንጨት የሚያኝከው ጠግቦ ሲቀብጥ እንዳይመስልሽ።

ስለዚህ መኖውን ከመጨመር በፊት ከፋፍይው፦ ጠዋት፣ ቀትር፣ አመሻሽ ላይ፣ ከመኝታ በፊት። ትልቁ ድርሻ የሌሊቱ ይሁን። ሣሩን በመረብ አድርጋችሁ ብትሰቅሉለት ቀስ እያለ ይበላዋል፣ ከአፈርና ከአሸዋም ይጠበቃል።

መጠኑን እንዲህ አውጪው። ከፊት እግሮቹ ኋላ የደረቱን ዙሪያ በገመድ ለኪ፤ ከፊት ከትከሻው ጫፍ እስከ ኋላ መቀመጫው ጫፍ ድረስ ርዝመቱን ለኪ፤ ሁለቱም በሴንቲሜትር ይሁኑ። ዙሪያውን በራሱ አባዢው፣ የወጣውን በርዝመቱ አባዢው፣ ከዚያ ለ11,900 አካፍይው፤ የፈረሱ ኪሎ በግምት ይወጣል። ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 140 ቢሆን 247 ኪሎ ገደማ ነው። በቀን ከክብደቱ በመቶ 2 ያህል ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል፤ ለዚህኛው 5 ኪሎ ማለት ነው። አብዛኛው የሣር ድርቆሽ መሆን አለበት። የጤፍ ጭድ መቀላቀሉ ክፋት የለውም፤ ብቻውን ግን አካል አይገነባም። የጋሪው ዳማ ሆዱ ተነፍቶ ጎኑ የሚቆጠረው ጭድ እየሞላ ስለሚያድር ነው።

3. ገብሱን አስተካክሉ። ይህ ስለ አምባላዩ ነው። ለየካቲት 23 ሲያዘጋጀው ከጥር ጀምሮ አስሮ በገብስ እንደሚቀልበው ነግረሽኛል። ስሜቱ ይገባኛል። የዓድዋ ድል በሚከበርበት ቀን አደባባይ ከሚወጡት ፈረሰኞች መካከል መቆም ለእሱ ትልቅ ክብር ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ እየተባሉ በፈረሳቸው ስም በተጠሩበት አገር የከሳ ፈረስ ይዞ መውጣት ያሳፍረዋል። ነገር ግን ገብስ ኃይል ነው፤ ኃይሉን የሚያወጣበት ሥራ የሌለው ፈረስ ይታመምበታል።

የሚሆነው ይህ ነው። ብዙ እህል በአንድ ጊዜ ሲበላ ትንሹ አንጀት አልችል ይለውና ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል፤ እዚያ ይቦካል። ሣር የሚያብላሉት ተሕዋስያን ይሞታሉ፣ መርዛቸው ወደ ደም ይገባል፣ ሰኮናውን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘው ሥጋ ይቆጣል። የፊት ሰኮናዎቹ ይግላሉ። ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይቆማል፣ መዞር ያቅተዋል። ከጸናበት አጥንቱ ሰኮናው ውስጥ ከቦታው ይለቃል፤ እንዲህ የሆነ ፈረስ ብዙውን ጊዜ ዳግም ኮርቻ አይጫንበትም። ባለፈው ዓመት ከበዓሉ በኋላ "ደከመው" ተብሎ ለሳምንታት የተኛው በዚህ ይመስለኛል። ሐኪም ሰኮናውን እንዲያየው አድርጉ።

በአንድ ጊዜ ከአንድ ኪሎ በላይ እህል አይሰጠው። ገብሱ ይከካ ወይም በውኃ ይዘፍዘፍ። መኖ ሲቀየር ከ7 እስከ 10 ቀን ባለ ጊዜ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይቀየር። አምባላዩን በየቀኑ ያንቀሳቅሰው፤ ማለዳ መኪና ሳይበዛ ወደ አራብሳ ጫፍ ወስዶ ቢያስረግጠው ይበቃል። በአዊ ፈረስ ያርሳል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚያሰልፋቸው ፈረሶች እንዲህ ባለ አገር ያደጉ ናቸው። አጎትሽ የእነሱን ጉልበት ከወደደው መንገዱ ሥራና ሣር ነው በይው።

ለዳማውም አንድ ነገር አለ። ጋሪ በማይጎትትበት ቀን፣ በእሑድም ሆነ በበዓል፣ እህሉ በግማሽ ይቀነስ። እሑድ እንደ ሥራ ቀን በልቶ ቆሞ የዋለ ፈረስ ሰኞ ሲጠመድ ጡንቻው ይደርቃል፣ ያልበዋል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ድሮ አውሮፓ ጋሪ በፈረስ በሚጎተትበት ዘመን የሰኞ በሽታ ይሉት ነበር።

4. ፉርሽካ መኖ ሁሉ አይደለም። ርካሽ ስለሆነና ፈረሱም ስለሚወደው አጎትሽ በባልዲ እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ፉርሽካ ውስጥ ፎስፎረስ ይበዛል፣ ካልሲየም ያንሳል። ፈረሱ ለወራት በእሱ ላይ ሲኖር ሰውነቱ የጎደለውን ካልሲየም ከራሱ አጥንት ይወስዳል። የፊቱ አጥንትና መንጋጋው ያብጣል፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ እግሩን እያፈራረቀ ያነክሳል። ፉርሽካ ለቅምሻ፣ ለመድኃኒት ማቀላቀያ እፍኝ ይሰጥ፤ ከዚያ አይለፍ።

ከቦሌ ካፌዎች በጆንያ የሚመጣውን የተረፈ ዳቦ አስቁሚው፤ ከእህል በምንም አይሻልም፣ ከሻገተ ደግሞ መርዝ ነው። ፋጉሎ በጥቂቱ ይጠቅማል። የዶሮ መኖ ግን በፍጹም። አንዳንዱ ለዶሮ ኮክሲዲያ የሚከላከል መድኃኒት ይቀላቀልበታል፤ ከእነዚህ መድኃኒቶች እንደ ሞኔንሲን ያለው ዶሮን ሳይነካ የፈረስን ልብ ይገድላል። ጎረቤቱ ዶሮ እርባታ ስላለው ይህን በተለይ አደራ እልሻለሁ።

5. ውኃ። አንድ ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ጀሪካን ማለት ነው። ጋሪ ሲጎትት በሙቀት ከዋለ ይጨምራል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የፈረሱ በርሜል ከቤተሰቡ ተለይቶ ይሞላ፣ አለዚያ ሁሌም የሚቀርበት እሱ ነው። ደረቅ ጭድ እየበላ ውኃ ያጣ ፈረስ አንጀቱ ይዘጋል። የአሞሌ ቁራጭ ግርግም ላይ አስቀምጡለት፣ እንዳሻው ይላሰው።

6. ፌስታል። ጋሪው ሰው እየጠበቀ ሲቆም ጋሪ ነጂው ልጅ ፈረሱን ቆሻሻ ክምር አጠገብ ይለቀዋል። የበሰበሰ አትክልት ያለበትን ፌስታል እንዳለ ይውጠዋል፤ ፈረስ ደግሞ አያስመልስም። የሚቆምበት ቦታ ላይ በከረጢት ድርቆሽ ይንጠልጠልለት።

7. ሰኮና፣ አፍ፣ ጀርባ። ሰኮናው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለ ጊዜ ውስጥ ይከርከም፤ ከኮብልስቶን መንገድ ሲመለስ ደግሞ ውስጡ የተሰነቀረ ጠጠር ይውጣለት። ልጓሙ ከፌሮ የተሠራ ከሆነ ጣሉት። የአፉን ጠርዝ ገልጠሽ እዪ፤ ቁስል ካለ እስኪድን ልጓም አይግባበት። ሣሩን አኝኮ እያድበለበለ የሚተፋ ከሆነ ጥርሱ ሾሎ ጉንጩን እየወጋው ነው፤ ይህን ሐኪም በሞረድ ያስተካክለዋል። እንዲህ ያለ ፈረስ የፈለገውን ያህል ቢበላ አይወፍርም። ጀርባው ላይ ቁስል ካለ ግላሱ መታጠብ፣ ኮርቻው መታረም አለበት። ቅባት ቀብቶ መልሶ መጫን ሕክምና አይባልም።

8. ሆዱን ሲያመው። ወደ ጎኑ እየዞረ ሆዱን ያያል፣ መሬት ይጭራል፣ ይተኛል፣ ይነሣል፣ ይንከባለላል፣ ፋንድያ ያቆማል። ያን ጊዜ መኖውን ሁሉ አንሡ፣ ከተረጋጋ በእርጋታ አንሸራሽሩት፣ ሳትዘገዩ ሐኪም ጥሩ። አረቄ፣ ዘይት፣ ለስላሳ መጠጥ በአፍንጫውም በአፉም አታንቆርቁሩበት። ሳንባው ይገባና በሆድ ሕመሙ ላይ የሳንባ ምች ይጨምርበታል። ብዙ ፈረስ እንዲህ ሲሞት አይቻለሁ፤ የሚያንቆረቁሩት ሁሉ ሊያድኑት የሚሯሯጡ ሰዎች ነበሩ። ደህና በሚሆኑባቸው ቀናት ፋንድያቸውን እይ ብለሽ ልጁን አስለምጂው። ጤነኛ ፈረስ በቀን 8 ጊዜና ከዚያ በላይ ይጥላል፤ ቀኑን ሙሉ ካልጣለ ማታ ሆዱን እንደሚያመው ጠብቁ።

9. አሁን ወደሚያስፈራሽ ነገር እንምጣ፦ እንዴት ትነግሪዋለሽ?

በሰው ፊት አትናገሪው። በበዓል፣ በለቅሶ ቤት፣ በልጆቹ ፊት በፍጹም አታንሺበት። በስልክ ቀርጸሽም ቲክቶክ ላይ አትልቀቂ፤ ያን ቀን ፈረሶቹም አይድኑም፣ አጎትም አይኖርሽም። ይልቅ ቅዳሜ ጠዋት ድርቆሽ ጭነሽ ሂጂ። ግርግሙን ጥረጊ፣ ውኃ ቅጂ። ከዚያ የምታውቂውን ሳይሆን ያየሽውን ተናገሪ፦ "ጋሼ፣ ዳማው ሣሩን አኝኮ ይተፋዋል፣ እስቲ ይዩልኝ" በይው። እሱ ራሱ ጎንበስ ብሎ አፉን ሲከፍት ግማሹ መንገድ አለቀ። ስለ ፈረስ ከአንቺ ብዙ ያውቃል፤ ስለ ጋላቢና ስለ ዘር፣ ስለ አመል ጠይቂው፣ ስሚው። ለሚሰማው ሰው ጆሮ የማይሰጥ ሽማግሌ ጥቂት ነው።

መኖ ይቀየር የሚለውን ነገር ሐኪሙ ይናገር። የእህቱ ልጅ ከምታርመው የተማረ እንግዳ ቢነግረው ክብሩ አይነካም። ከሐኪሙ ጋር ስትነጋገሪ ግን የምትሰጡትን ሁሉ በጣሳ ሳይሆን በኪሎ ጽፈሽ ያዢለት።

ጋሪ ነጂውን ልጅ አትርሺ። በቀን ውስጥ ከፈረሱ ጋር ረጅሙን ሰዓት የሚውለው እሱ ነው፣ ገቢ ካላስገባ የሚቆጡት እሱን ነው። ጭነት የሚያበዛው፣ ለውኃ የማይቆመው ለዚህ ነው። ቀትር ላይ ግማሽ ሰዓት አርፎ እንዲያጠጣ አጎትሽ በራሱ አንደበት ይፍቀድለት፤ ይህችን ብቻ ብታስፈቅጂ ትልቅ ነገር ሠራሽ።

እምቢ ካለሽ አትጣዪው። ለእኔ ንገሪኝ፣ እኔና የንስሐ አባቱ እንሄዳለን። ሁለቱን ፈረስ መቀለብ አቅቶት እንደሆነም በዚያ ይገለጣል። ኑሮው ጠቦት ከሆነ ምክር ብቻ ይዘን አንሄድም። አንዱን ፈረስ ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ መስክ ላለው ዘመድ ስለ መስጠትም እናነሣለታለን፤ ይህን ግን አንቺ አትናገሪው።

10. ሐኪምና ሣር። በቦሌም በለሚ ኩራም ክፍለ ከተማ በከተማ ግብርና በኩል የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቂ። ነገሩ ከበድ ካለ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ፈረስና አህያ የለመዱ ሐኪሞች እዚያ ይገኛሉ። ስለ አፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት ጠይቂ፣ ክትባቱ እዚያው ቢሾፍቱ ይመረታል። በጥቃቅን ነካሽ ዝንቦች የሚተላለፍ ስለሆነ የሚበረታው በክረምቱና ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ከዚያ በፊት ይከተቡ። በዚያ ወቅት ከአመሻሽ እስከ ንጋት ከጣሪያ ሥር ይደሩ።

ድርቆሽ የሚገዛው ታጭዶ በሚሰበሰብበት በኅዳር ነው። በሐምሌ ዋጋው የትና የት ይደርሳል፣ ያለውም ዝናብ የመታው ነው። ሁለቱን ፈረሶች ለሚቀጥለው ዓመት የሚያሻግር ሣር ለማስጫን ከሰንዳፋ መስመር ሰው አነጋግሬያለሁ። የሚቀመጥበትን ቦታ ከወለሉ በጣውላ ከፍ አድርገሽ፣ ጣሪያው እንዳያፈስ አስጠግነሽ ጠብቂኝ። ሒሳቡን ከእናትሽ ጋር እንነጋገራለን፤ የመኪናውን ኪራይ እኔ እችላለሁ።