እንስሳት የማይበሉትን የደጃፍ አበባ ስለ መምረጥ

በደጃፍና በመስኮት ሥር በሸክላ ዕቃ ወይም በተቆረጠ በርሜል አበባ መትከል የቤትን ውበት የሚጨምር መልካም ልማድ ነው። ይሁን እንጂ በከተሞቻችን መንገድ ፍየልና አህያ ስለሚያልፉ፤ ለበዓል የተገዛውም በግ በግቢ ታስሮ ስለሚሰነብት፤ የብዙ ወራት ድካም በአንድ ጧት ተግጦ ሲቀር ይታያል። ይህንን ለመከላከል ከአጥር ቀጥሎ የሚረዳው የአበባው ምርጫ ነው።

ብዙ ሰዎች እሾህ ያለው ተክል ራሱን ይጠብቃል ብለው ጽጌረዳን ይተክላሉ። ነገር ግን ፍየል ቀጫጭን ከንፈሯን በእሾህ መካከል አግብታ ቅጠሉን ለይታ ትለቅማለች። የግራርን ቅጠል የምትበላ እንስሳ ጽጌረዳን አትፈራም።

ከእሾህ ይልቅ የሚያዋጣው ጠንካራ ሽታና ምሬት ነው። የጥብስ ቅጠል፤ ላቬንደር፤ አሪቲና ጤና አዳም በቅጠላቸው ውስጥ ሽታው የሚከብድ ቅባት ስላለ እንስሳት አሽትተው ያልፏቸዋል። የጥብስ ቅጠልና ላቬንደር የሚያወጡትን አበባ ንቦች ይወዱታል፤ ለወጥ ቤትም የሚተርፍ ጥቅም አላቸው። ጤና አዳም ለቡና የሚፈለግ ቢሆንም ጭማቂው ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ስለሚያቃጥል የሚቆርጠው ሰው እጁን ይሸፍን። ፀሐይ ለሚበረታበት ደጃፍ እሬት ተስማሚ ነው፤ ምሬቱን የማያውቅ የለም፤ ውሃም ብዙ አይፈልግም። እነዚህ ሁሉ ረግረግን ስለማይወዱ በዕቃው ግርጌ ቀዳዳ መብሳትና አፈሩን ከአሸዋ ጋር መደባለቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ በክረምት ሥራቸው ይበሰብሳል።

እዚህ ላይ በብርቱ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ አለ። እንስሳ የማይነካው ተክልና እንስሳን የሚገድል ተክል አንድ አይደሉም። ሮዝና ነጭ አበባ የሚያወጣው ኦሊያንደር ርጥብ ቅጠሉ መራራ ስለ ሆነ ከብቶች አብዛኛውን ጊዜ ይተዉታል። ሲደርቅ ግን ምሬቱ ይቀንሳል እንጂ ልብን የሚያውከው መርዙ አይጠፋም። ስለዚህ አትክልተኛው ከርክሞ በመንገድ ዳር የጣለው ቅርንጫፍ የጎረቤትን በግ ወይም የባለጋሪን አህያ ሊገድል ይችላል፤ ለሕፃናትም አደገኛ ነው። ጢሱም ስለሚጎዳ ቆራጩ አይቃጠል፤ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። የወፍ ቆሎ የሚባለውም ቢሆን ቅጠሉ የከብትን ጉበት ይጎዳል፤ ፍሬውን ወፎች እየበሉ ዘሩን ስለሚበትኑት በደጃፍ የተተከለው ወደ ግጦሽ መሬት ይዛመታል። የከተማ መንገዶችን የሚያስተክሉ ሹማምንት ይህንን ቢያስቡበት የአርሶ አደሩን ሀብት ከጉዳት ያድናሉ።

በበጋ ሣር ሲጠፋ የራበው ፍየል አሪቲንም ቢሆን መቅመሱ አይቀርም። አዲስ የተተከለው ሥር እስኪሰድ ድረስ ዙሪያውን በደረቅ እሾህ ማጠር ይገባል፤ ፍየል በኋላ እግሮቿ ቆማ ስለምትደርስበት ዕቃውን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ብቻ አይበቃም።